ቡድኑ ይወጣል፣ ልጆቹስ?

በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ የበልጉ ዝናብ ሊያባራ ሲል፣ ልጄን ሜሮንን ለማየት ከሆሳዕና ተነሥቼ ሎስ አንጀለስ ሄጄ ነበር። ከተመለስሁ ወዲህ የጸሎት እህቶቼ «ምን አየሽ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስለ ሕንፃውና ስለ ባሕሩ እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ሕንፃውንም ባሕሩንም አይቻለሁ። ልቤን ይዞት የሰነበተው ግን የሴት ልጆች እግር ኳስ ነው። ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ብዬ ጻፍሁት።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እህቶች ጸልየው ሸኙኝ። በወራቤና በቡታጅራ አድርገን አዲስ አበባ ገባን። የአጎቴ ልጅ ቤት አደርሁና በማግሥቱ ማታ አውሮፕላን ተሳፈርሁ። ስለ በረራው የምለው ጥቂት ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ቀበቶዬን አሰረልኝ፣ የምግቡን ክዳን ከፈተልኝ፣ መጸዳጃ ቤቱን አሳየኝ። ስሙን እንኳ ሳልጠይቀው ተለያየን። ጌታ ይባርከው።

ሎስ አንጀለስ የደረስሁት ማክሰኞ ነው። ፍተሻው ላይ ቡላዬ አሳፈረኝ። ለሜሮን ብዬ በላስቲክ ቋጥሬ የያዝሁት የቡላ ዱቄት በመንገድ ተቀዶ ልብሴን ሁሉ ነጭ አድርጎታል። ፈታሹ ሻንጣዬን ሲከፍት ነጩን ዱቄት አየ፤ ጓንት አጠለቀ፤ ሌላ ሰው ጠራ። ቋንቋ የለኝም። ጣቴን ነክሬ ቀመስሁላቸው። ሁለቱም ሳቁ። ወስደው ከመረመሩት በኋላ ጓንት ያጠለቀው ሰው ራሱ የተቀደደውን በማጣበቂያ ጠቅልሎ መለሰልኝ። እኛ ዘንድ ጓንት ያጠለቀ ባለሥልጣን የአሮጊት ዱቄት ሲቋጥር አላየሁም።

ውጪ ሜሮን፣ ባሏ ዳዊትና ልጃቸው ቤቴል ቆመው ይጠብቁኛል። ቤቴልን ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት በስድስት ዓመቷ ነው፤ አሁን አሥራ ሁለት ሆኗታል። ከላይ እስከ ታች የኳስ ልብስ ለብሳለች። ሳመችኝና የመጀመሪያ ቃሏ ይህ ሆነ፦

«እማማ፣ ቅዳሜ ካሸነፍን እንወጣለን!»

«ወዴት ነው የምትወጡት?»

«ወደ ላይ ነዋ!»

ዳዊት ሰው በመኪና እያመላለሰ የሚሠራ ሰው ነው፤ መንገድ ላይ ሲሆን ወሬ ይቀናዋል። «እማማ፣ ላስረዳዎት» አለ። «እነ ቤቴል ያሉበት ዲቪዥን ውስጥ አሥር ቲም አለ። ሲዝኑ ሲያልቅ አንደኛ የሆነው ወደ ላይኛው ዲቪዥን ይወጣል፤ መጨረሻ የሆነው ወደ ታችኛው ይወርዳል። የኛዎቹ ሁለተኛ ናቸው፤ ቅዳሜ የሚገጥሙት አንደኛውን ነው። ሶ፣ ካሸነፉ አለቀ።»

«እኩል ከወጡስ?»

«አይበቃም። ማሸነፍ አለባቸው።»

ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። በጌታ ያንቀላፋው ባለቤቴ ሬዲዮ ላይ ተደፍቶ «ወራጅ ቀጠና» ሲሉ ሲያዳምጥ እሰማ ነበር። ቡድኑ የወረደበት ሰው ራት አይበላም። የከተማችን ቡድን ያደገ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ መንገድ ወጥቶ፣ እኔም በረንዳ ላይ ቆሜ እልል ብያለሁ። ግን ይህ ሁሉ ደመወዝ ለሚከፈላቸው ጎልማሶች መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ሴት ልጅ ኳስ ብትጫወት በትምህርት ቤት እረፍት፣ ከደወል እስከ ደወል ነው። ማን ወጣ፣ ማን ወረደ የሚል የለም።

የሚኖሩት ሚድ ሲቲ በሚሉት ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው። ቤቴል አልጋዋን ለቀቀችልኝና ወለሉ ላይ ፍራሽ አነጠፈች። እምቢ ብል «እኔ እዚህ ይሻለኛል፣ ኳሴ አጠገቤ ነው» አለችኝ። አንቺ ትለኛለች፤ እዚህ ያደገ ልጅ አንቱ አያውቅም። ለመድሁት።

ረቡዕ ከሜሮን ጋር ፌርፋክስ ጎዳና ወረድን። ጠዋት ሰማዩ ይደፈናል፤ ዘነበ ስል እኩለ ቀን ላይ ይገለጣል። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰማይ ዋሽቶ አያውቅም። የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ የቆመውን መኪና ሁሉ ሸፍኖታል። ከፒኮ ጎዳና አለፍ እንዳልን በአማርኛ የተጻፉ ሰሌዳዎች መጡ። አንድ ቀን ሙሉ ማንበብ ሳልችል ቆይቼ ስለነበር የሁሉንም ስም ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ሜሮን ሳቀችብኝ።

ሽሮና በርበሬ ለመግዛት የገባንበት ሱቅ የጋሼ ኃይሉ ነው። ጋሼ ኃይሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀድሞ አዲስ አበባ ላይ የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ።

«በዚያ ከተማ ያልሰደበኝ ሰው የለም» አሉኝ። «እዚህ መጥቼ ነው ስሜን ያገኘሁት። እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ።»

የቅዳሜውን ጨዋታ ነገርኋቸው። ካሸነፉ ይወጣሉ አልኋቸው፣ እንደ አዋቂ።

«ማን ነው የሚወጣው?»

«ልጆቹ ናቸዋ።»

«አይ እትዬ» አሉና ከታችኛው መደርደሪያ አንድ ባዶ ካርቶን አንሥተው ላይኛው ላይ አስቀመጡት። «የሚወጣው ይኼ ነው። ቦታው የክለቡ ነው። ውስጡ ማን እንደሚገባ ገና ይታያል። ሲዝኑ ሲያልቅ ትራይአውት የሚሉት አለ፤ አምና የተጫወተችም፣ ትናንት የመጣችም እኩል ይፈተናሉ። ታች ሳላችሁ ዞር ብሎ ያላያችሁ ሁሉ፣ ወጣችሁ ሲባል ልጁን ይዞ ድራይቭ አድርጎ ይመጣል። ሜዳው ደግሞ ያው ሜዳ ነው። አንዷ ስትገባ አንዷ ትወጣለች።»

«የወጣችዋስ?»

«ሁለተኛ ቡድን አላቸው። እሱ ታች ነው የሚጫወተው። እዚያ ትሆናለች።»

«ታዲያ ያሸነፉት እነሱ አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያ?»

«እትዬ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁት! እኔ ፊሽካ ብቻ ነበር የምነፋው።»

ሜሮን ቀና ሳትል ሽንኩርት ትመርጣለች። እሷና ዳዊት እንደሚያውቁት ገባኝ። ውጪ ስንወጣ ጠየቅኋት።

«እናውቃለን እማዬ። ቤቴል ተከላካይ ናት፤ ጎበዝ ናት፣ ግን ሯጭ አይደለችም። ላይ ያሉት ደግሞ በጣም ይሮጣሉ።»

«ካሸነፉ ቦታዋን ልታጣ ነው?»

«ልታጣ ትችላለች።»

«ካላሸነፉስ?»

«ትራይአውቱ አይቀርም። ግን ማን ይመጣል? እንዳሉ ይቀጥላሉ።» የሽንኩርቱን ከረጢት ወደ ሌላው እጇ አዛወረችና «ካሚላ የምትባል ጓደኛ አለቻት» አለች። «ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም። ካሚላ አጥቂ ናት፤ እሷን ማንም አይነካትም። ቤቴል የምትፈራው ቦታውን አይደለም፤ ከካሚላ መለየቱን ነው።»

ሐሙስ ልምምድ ነበር። ዳዊት ሥራ ላይ ስለሆነ የወሰደችን የካሚላ እናት ሮሳ ናት። ሮሳ ከጓቲማላ የመጣች፣ አረጋውያንን የምትንከባከብ ሴት ናት። እሷ አማርኛ አታውቅ፣ እኔ የእሷን አላውቅ። ሜዳው ዳር የሚታጠፍ ወንበር ዘርግታ አስቀመጠችኝ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ብርድ መጣ፤ ጃኬቷን አውልቃ አለበሰችኝ። ከዚያ የተከተፈ ማንጎ አወጣች፤ ላዩ ላይ ቀይ ቃሪያ ተነስንሶበታል። ማንጎ በሚጥሚጣ መሆኑ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ እሷ እየሳቀች ጀርባዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰጠኝ ግን እምቢ አላልሁም።

አሠልጣኟ ወጣት ሴት ናት። ልምምዱ ሲያልቅ በቤቴል አስተርጓሚነት ጠየቅኋት። ለምን ይወጣሉ፣ ለምን ይወርዳሉ? ዝም ብለው ቢጫወቱስ? ቁጭ ብላ መለሰችልኝ። እሷ ልጅ ሳለች ዲቪዥኑ አልተለየም ነበር፤ በየሳምንቱ አሥር ጎል እየገባባቸው ከጓደኞቿ ግማሾቹ ኳስ ተዉ። እኩያ ከእኩያው ሲጋጠም ልጆቹ ይቆያሉ አለች። ይህ ትክክል መሰለኝ። ደግሞ የሚገርም ነገር ነገረችኝ፤ አሸንፎ «አልወጣም» የሚል ቡድን አለ። ላይኛው ዲቪዥን መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወላጆች ይደክማሉ። አድጎ አልፈልግም ያለ ቡድን በእኛ አገር ሰምቼ አላውቅም።

«እናንተስ?» አልኋት።

ወደ ልጆቹ አየች። «እነሱን ጠይቄያቸዋለሁ። እንወጣለን ብለዋል።»

ቤቴል ይህን ስትተረጉምልኝ ድምፅዋ አልተለወጠም።

ዓርብ ጾምሁ። ማንንም ጹሙ አላልሁም፤ የራሴ ነው። ግን ልጸልይ ስንበረከክ የምለው ጠፋኝ። ያሸንፉ ልበል? ይሸነፉ ልበል? ለልጅ ሽንፈት እንዴት ይለመናል? ቤቴል ከትምህርት ቤት መጥታ እንደ ተንበረከክሁ አገኘችኝ።

«ለኛ ነው የምትጸልዪው?»

«አዎ።»

«እንድናሸንፍ በይ እሺ?»

«ቤቴልዬ፣ ብታሸንፉ…»

«አውቃለሁ እማማ። ካሚላም ታውቃለች።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን? ሆን ብዬ ልሸነፍ?» አፍጥጣ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች። «አንቺ እኮ ክርስቲያን ነሽ!»

እኔም ሳቅሁ። ጌታ በልጅ አፍ ሲገሥጽ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ተገኘን። እዚህ ወላጅ በአንድ በኩል፣ ተጫዋችና አሠልጣኝ በሌላው በኩል ነው የሚቀመጡት፤ መሻገር አይፈቀድም። ይህን ማንም አልነገረኝም። የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ አለቀ። በሁለተኛው ቤቴል ከአንዲት ረዥም ልጅ ጋር ተጋጭታ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ተነሥቼ ሄድሁ። በሜዳው መሀል አልፌ፣ አጠገቧ ተንበርክኬ፣ እጄን ጉልበቷ ላይ ጭኜ «በኢየሱስ ስም» ብዬ መጸለይ ጀመርሁ። ጨዋታው ቆመ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ፤ ለሌላ ሰው መሰለኝ።

«እማማ!» አለች ቤቴል ከመሬት። «እማማ፣ ሜዳ ውስጥ ነሽ!»

«አውቃለሁ። ዝም በይ፣ አልጨረስሁም።»

«ካርድ ያሳዩናል!»

ሮሳ ሮጣ መጣች፤ ክንዴን ይዛ፣ ለዳኛው በእጇ እየማለደች፣ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ። ዳኛው አሠልጣኟን አስጠነቀቀ፤ እኔን ግን በእጁ ሰላም አለኝ። ሜሮን ፊቷን በመሐረቧ ሸፍናለች። ዳዊት «እማማ፣ ጋሼ ኃይሉ ይህን ባዩ!» ይላል። ቤቴል ተነሥታ ቀጠለች፤ ጉልበቷ ደህና ነበር።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀር ቤቴል ኳስ ከረዥሟ ልጅ እግር ሥር አስጥላ ወደ ፊት መታች። ካሚላ ደረሰችበት። አገባች። ከዚያ በኋላ እስኪያልቅ ዓይኔን ጨፍኜ «ፈቃድህ ይሁን» ብቻ አልሁ። ፊሽካው ሲነፋ ዓይኔን ገለጥሁ። ቤቴልና ካሚላ ሳሩ ላይ ተቃቅፈው ይንከባለላሉ። እልል አልሁ። ወላጆቹ ሁሉ ዞር ብለው አዩኝ፤ ሮሳ እንደኔ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

እሑድ የሐበሾች ኅብረት ውስጥ አመለክን። ዝማሬው ያው የእኛ ዝማሬ ነው፤ ልጆቹ ግን በእንግሊዝኛ ይማራሉ። ምስክርነት ሲሰጥ ቤቴል ተነሥታ ስለ ድሉ አመሰገነች።

ሰኞ ማታ ትራይአውቱ ሆነ። ጋሼ ኃይሉ እንዳሉት ነው። ሜዳው ዳር መኪና ፓርክ የሚደረግበት ቦታ ጠፋ። የማናውቃቸው ልጆች ጀርባቸው ላይ ቁጥር ለጥፈው ይሮጣሉ። አንዳንዶቹን አባቶቻቸው በሩቅ መንገድ ነው ያመጧቸው። ልፈርድባቸው አልቻልሁም፤ እኔም ለልጄ ልጅ ውቅያኖስ አቋርጬ መጥቻለሁ። የባለፈው ቅዳሜ ቡድን ልጆች ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅለው ቁጥር ለጥፈዋል። ያሸነፈ ሰው እንደ ገና ስሙን ሲያስመዘግብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቤቴል ያላትን ሁሉ ሮጠች። አዲሶቹ ቀደሟት።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መልእክቱ በሜሮን ስልክ መጣ። ሜሮን ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀመጠች።

«ሁለተኛው ቡድን» አለች።

«ካሚላስ?» አለች ቤቴል።

«አላውቅም።»

«አንደኛው ነው» አለች ቤቴል፤ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ውሃው ለረዥም ጊዜ ሲፈስ ሰማን። ዳዊት ከሥራ ሲገባ አሠልጣኟ ደወለችለት፤ ቤቴልንም አነጋገረቻት። ቤቴል «ኦኬ»፣ «ኦኬ» ብቻ ትላለች። አሠልጣኟ ያለቻትን ሜሮን ነገረችኝ፤ ላይ ቤንች ላይ ተቀምጣ ከምታሳልፈው፣ ታች በየሳምንቱ ብትጫወት ይሻላታል፤ ለአዲሶቹ ልጆች አምበል ትሁንልኝ ብላለች። ደግ ቃል ነው። እውነትም ሳይሆን አይቀርም። ቤቴል ግን የሰማችው «ታች» የሚለውን ብቻ ነው።

ካሚላ አልደወለችም። ቤቴልም አልደወለች። ሁለቱም ሌላዋን የሚፈሩ መሰለኝ። እኛ ዘንድ ለአንዱ ደስታ፣ ለሌላው ሐዘን ሲሆን ሰው ስልክ እያየ አይቀመጥም፤ ተነሥቶ ይሄዳል። ዱቄት አቦካሁና እንዲያድር ሸፍኜ አስቀመጥሁት።

ረቡዕ ማልጄ ተነሥቼ ዳቦውን በሜሮን ምድጃ ውስጥ ጋገርሁ። የምድጃው ቁልፍ ብዙ ነው፤ አንድ ጎኑ ከሰል መሰለ። ፋቅሁት። ከዚያ ቤቴልን ቀሰቀስኋት።

«ተነሺ፣ እነ ካሚላ ቤት እንሄዳለን።»

«ለምን?»

«እንኳን ደስ አላችሁ ልንል።»

«አልሄድም እማማ።»

«እኔ ቋንቋ የለኝም። ማን ይናገርልኛል?»

ብርድ ልብሷን ገፍታ ጣለች። ተነሥታ ጫማዋን አሰረች።

ቤታቸው ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው። በሩን የከፈተችው ሮሳ ናት፤ የሥራ ልብሷን ለብሳለች። ካሚላ ከኋላዋ ብቅ አለችና ቤቴልን ስታይ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ዳቦውን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

«እንኳን ደስ አላችሁ በይልኝ» አልኋት።

ቤቴል ዳቦውን እያየች ተናገረች። የእኔ ቃል አንድ ነበር፤ የእሷ ግን ረዘመ። በመካከሉ ቆመች፤ እንደ ገና ቀጠለች። ሮሳ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ካሚላ ከውስጥ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ ፊቷ እንደ ቤቴል ፊት አብጧል። አንድ ነገር አለች፤ ቤቴል በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት፤ ሳቁ። ምን እንዳለች አልጠየቅሁም።

ዳቦውን እዚያው ደጁ ላይ ቆረስሁት። ልጆቹ እየበሉ አብረው ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። እኔ የመጣሁበትን መንገድ ልብ አላልሁትም ነበርና፣ ሮሳ ከሥራዋ ዘግይታ ቤት ድረስ ሸኘችኝ።